የሞቃት ወር መዝገብ ሲነበብ፦ ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ

ሙቀት የጠናበት ወር ሲያልፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ዜናውም የሚይዘው ይህንኑ ነው፦ አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር፣ ከተቻለም «በታሪክ ከፍተኛው» የሚል ቅጽል። በየዕለቱ ቴርሞሜትር እያነበበ መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን ወሩን የሚያየው በ31 መስመር ነው። ከመስመሮቹ መካከል ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወሩ ለምን እንዲያ እንደከበደ ለማወቅ ግን ዓይን ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ጎን መሄድ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ማንም ወደማያየው፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ወደሚጻፍበት አምድ።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ አንድ የቃል እንቅፋት አለ። «በጋ» በእኛ አነጋገር ዝናብ የሌለበት ወቅት እንጂ የግድ ሙቀት የሚበረታበት አይደለም፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሰፊ ክፍል ደግሞ ሙቀቱ የሚያይለው ከጁን እስከ ኦገስት፣ እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «ሞቃት ወር» ስል አንድ አካባቢ ከዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚሞቅበትን ወር ማለቴ ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዝገቡ ገጽ ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ቀን፤ ያለፉት 24 ሰዓታት ከፍተኛ ሙቀት፤ ዝቅተኛ ሙቀት፤ በንባቡ ሰዓት የነበረው ሙቀት፤ ዝናብ በሚሊ ሜትር፤ በመጨረሻም ጠባብ የ«አስተያየት» ቦታ። ይህን የሚሞሉት ሁሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው የሜትሮሎጂ ሠራተኞች አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ በ1890 የቆመው የታዛቢዎች መረብ ዛሬም ከ8,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ብዙዎቹ በግቢያቸው ወይም በእርሻቸው ላይ የተተከለ መሣሪያ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። በቴርሞሜትር ከተለኩ የወር በወር ተከታታይ መዝገቦች ሁሉ ረጅሙ፣ የመካከለኛው እንግሊዝ መዝገብ፣ ወደኋላ እስከ 1659 ሊደርስ የቻለው ጎርደን ማንሊ የተባለው የአየር ንብረት ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የቀደሙ ግለሰቦችን ማስታወሻ ለቃቅሞ ስላቀናበረው ነው። ከእነዚያ ግለሰቦች አብዛኞቹ ጽሑፋቸውን ከ300 ዓመት በኋላ የሚያገላብጥ ሰው ይመጣል ብለው አልጠበቁም ይሆናል።

ቁጥሩ እምነት እንዲጣልበት መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ የት እንደተሰቀለ መታወቅ አለበት። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን ሳይሆን ራሱን ነው። ሙቀት በበረታ ቁጥር ሰዎች ከመኪናቸው ዳሽቦርድ ላይ 50 ምናምን የሚል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ያጋራሉ፤ በዚያ ቁጥር ውስጥ የአስፋልቱም የሞተሩም ግለት አለበት። ከሳተላይት የሚገኘው የምድር ገጽ ሙቀት ካርታም እንዲሁ ሌላ ነገር ነው፤ አየሩ 35 በሆነበት ሰዓት ተክል ያልሸፈነው ደረቅ አፈር ከ50 ሊያልፍ ይችላል። ቶማስ ስቲቨንሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በ1860ዎቹ የነደፈው ነጭ ሳጥን እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ነው። ግድግዳው ነፋስ እያሳለፈ ፀሐይ በማያስገባ በተደራረበ ጠባብ ጣውላ ይሠራል፤ በሩ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን፣ በደቡቡ ወደ ደቡብ ይከፈታል፤ ቴርሞሜትሮቹ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲውሉ ተደርጎ ሣር ባለበት ገላጣ ቦታ ይተከላል። ቀለሙ ሲቆሽሽ ወይም ሲላላጥ ሳጥኑ ራሱ ሙቀት መሳብ ይጀምራል። እዚህ ላይ የስሕተት ዓይነት መለየት አለበት። ታዛቢው አንድ ቀን ቸኩሎ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት በወሩ አማካይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው፤ የቆሸሸ ሳጥን ግን 31ዱንም ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዋሻል። ጠንቃቃ ታዛቢ የቀለም ብሩሹንም እንደ ቴርሞሜትሩ ሁሉ ከሥራ መሣሪያው ይቆጥረዋል።

በሳጥኑ ውስጥ የሚተኙት ሁለቱ የቆዩ ቴርሞሜትሮች አሠራራቸው ተቃራኒ ነው። ከፍተኛውን የሚለካው ሜርኩሪ አለው፤ ከቋቱ በላይ መተላለፊያው ስለሚጠብ ሜርኩሪው ሲሞቅ ገፍቶ ይወጣል፣ ሲበርድ ግን መመለስ አቅቶት ከደረሰበት ይቀራል፤ ታዛቢው ካነበበ በኋላ አራግፎ ይመልሰዋል። ዝቅተኛውን የሚለካው አልኮል አለው፤ በአልኮሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ጠቋሚ ዘንግ ፈሳሹ በብርድ ሲሸሽ አብራው ትጎተታለች፣ ሲሞቅና ሲመለስ ግን ጥሏት ያልፋል። ሌሊት ማንም ሳያይ የሆነውን ጠዋት የምትመሰክረው ያቺ ዘንግ ናት። ዛሬ በሚናማታ ስምምነት የተነሣ ሜርኩሪ ከአገልግሎት እየወጣ ቦታውን ኤሌክትሮኒክ መለኪያ እየያዘ ነው። ሆኖም ጠቋሚ ዘንግ ባለው መሣሪያ የተነበበ ቁጥር የዓለምን ትልቁን የሙቀት ክብረ ወሰን አስይዞ እንደነበረ፣ በኋላም ያው መሣሪያ እንዳስሰረዘው ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም።

ሊቢያ ውስጥ ኤል አዚዚያ በምትባል ቦታ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 የተመዘገበው 58.0 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ90 ዓመታት «የምድር ከፍተኛው ሙቀት» ተብሎ ሲጠቀስ ኖረ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን ዋናውን የመዝገብ ገጽ አግኝቶ ሲመረምር ነገሩ ሌላ ሆነ። ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ በገጹ ላይ የእጅ ጽሕፈቱ ተቀይሯል፤ አዲስ ሰው ሥራውን ይዟል ማለት ነው። አዲሱ ሰው አሃዞቹን በማይገባቸው አምድ ሲጽፍም ይታያል። በእጁ የነበረው ደግሞ በምትክነት የመጣ፣ ለሥራው የማይመች የሲክስ ቤላኒ ዓይነት ቴርሞሜትር ነበር። በዚህ ዓይነቱ መነበብ ያለበት የጠቋሚዋ የታችኛው ጫፍ ነው፤ የላይኛውን ጫፍ ያነበበ ሰው የዘንጓን ርዝመት፣ ወደ 7 ዲግሪ የሚጠጋ፣ በላዩ ይጨምራል። በዙሪያው የነበሩ ጣቢያዎችም ያን ዕለት ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ሙቀት አላሳዩም። በ2012፣ ልክ 90 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ክብረ ወሰኑ ተሰረዘ። አሁን በድርጅቱ ዝርዝር አናት ላይ ያለው በካሊፎርኒያ ዴዝ ቫሊ ጁላይ 10 ቀን 1913 የተነበበው 56.7 ነው፤ እርሱም ተጠራጣሪ አላጣም። በ2016 በኩዌት ሚትሪባህ የተለካው 53.9 እና በ2017 በፓኪስታን ቱርባት የተለካው 53.7 ተቀባይነት ያገኙት ለዓመታት ከተመረመሩ በኋላ ነው።

በኤል አዚዚያው ታሪክ ሰዎች የሚስቁት በአዲሱ ሠራተኛ ነው። እኔ ግን ያን ሰው ልወቅሰው አልችልም። ማንም ያላሠለጠነው ሰው የማያውቀውን መሣሪያ በእጁ ሰጥተውት፣ ያየውን በታማኝነት ጻፈ፤ ስሕተቱ ሊታወቅ የቻለውም በራሱ እጅ የጻፈው ገጽ ሳይቀደድና ሳይታረም ስለቆየ ነው። አንድ ሰው በደግነት አምዶቹን «አስተካክሎ» በንጹሕ ወረቀት ገልብጦት ቢሆን ኖሮ 58ቱ ዛሬም በነበረ።

ይሁን እንጂ ክብረ ወሰን፣ እውነተኛም ቢሆን፣ የወሩን ጠባይ አይነግርም። ይህን ለማየት እርሳስ ይዞ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይበቃል። በአብዛኞቹ መዝገቦች የአንድ ቀን አማካይ ሙቀት የሚሰላው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነው፤ የወሩ አማካይ ደግሞ የቀናቱ አማካይ ነው። የወሩ ከፍተኛ ሙቀት በየቀኑ 36 ነበር እንበል። ከቀናቱ አንዱ ብድግ ብሎ 42 ቢገባ ያ ቀን በየአፉ ይነሣል። በወሩ ሒሳብ ላይ የሚያመጣው ግን 6 ዲግሪ ለ31 ሲካፈል ነው፤ የከፍተኛውን አማካይ በ0.2፣ የወሩን አጠቃላይ አማካይ በ0.1 ብቻ ያነሣል። አሁን ያንን ቀን እንርሳውና በየሌሊቱ አንዲት ዲግሪ እንጨምር። አንድ ዲግሪ ማንም አያስተውልም፤ ተኝቶ የነበረ ሰው አንሶላውን ገፈፍ አድርጎ ይገላበጣል እንጂ ለጎረቤት አያወራም። የወሩ አማካይ ግን በግማሽ ዲግሪ አደገ፤ ዜና ከሆነው ቀን አምስት እጥፍ።

ሌላ ምሳሌ። በአንዱ ወር የከፍተኛው አማካይ 36፣ የዝቅተኛው 18 ነው። በሌላው የከፍተኛው 34፣ የዝቅተኛው 23 ነው። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፈ ሰው «አቤት ሙቀት!» ይላል፣ ቀኑ ስለሚያቃጥል። የወሩ አማካይ ግን 27 ነው፤ የሁለተኛው 28.5። ከሰዓት በኋላ ብቻ ቁጥር የሚያይ ሰው የትኛው ወር እንደከፋ ሲፈርድ በትክክል ተገላቢጦሹን ይፈርዳል።

ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ጨዋታም አይደለም። በ2023 የአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 43.3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስትሞቅ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ያን ያህል ያልተሰማው በዚያው ጊዜ ውስጥ ለ16 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ ሌሊትም ቢሆን ከ32.2 በታች አለመውረዱ ነው። የጁላይ አማካይዋ፣ ቀንና ሌሊት አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ 39.3 የሆነው በዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ዴዝ ቫሊ በጣቢያው ታሪክ እጅግ ሞቃት የሆነውን ወር አሳለፈ፤ አማካዩ 42.5 ነበር። በዚያ ወር የጣቢያው የምንጊዜም የአንድ ቀን ክብረ ወሰን ግን አልተሰበረም። የዝቅተኛውም አምድ ከባድ ነበር፤ አማካይ የሌሊት ዝቅተኛው ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። ዳሎልንም በዚሁ መንገድ ማየት ይቻላል። ከ1960 እስከ 1966 በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ሆኖ በዓለም ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት የሚበልጠው የለም ይባላል፤ በአንድ ቀን ከፍተኛ ሙቀት ውድድር ግን ዳሎል ከተርታው የለችም። ማረፊያ የሌለው ሙቀት እንዲህ ነው፤ ጫፍ አይነካም፣ ግን አይወርድም።

የገጹን ሁለት አምዶች ጎን ለጎን አድርጎ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በኅዳጉ ላይ መጻፍ የለመደ ታዛቢ ከዚህም የበለጠ ያነባል። ለእኔ ከመዝገቡ ሁሉ ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ፣ ለምሳሌ ከ12 ወደ 18 ሲሄድ፣ አየሩ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል ማለት ነው፤ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ልዩነቱ ሲጠብ ወይ ደመና አለ፣ ወይ አየሩ በውሃ ትነት ታጭቋል፣ ወይ ነፋስ ሌሊቱን ሲያናውጠው አድሯል። በአማርኛ ለሁለቱ ሙቀቶች የተለያየ ቃል መኖሩ በከንቱ አይደለም፤ ሐሩር ሲባል የደረቀው፣ ወበቅ ሲባል የታፈነው ይታወቃል። የልዩነት አምዱ እነዚህን ሁለቱን በቁጥር ይለያቸዋል።

በዚያ ላይ የዝናቡ አምድ ይጨመር። ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል እርጥብ አፈር ሲያገኝ ከፊሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል፤ አፈሩ ሲደርቅ የሚተነው ስለሌለ ያው ኃይል አየሩን በማሞቅ ላይ ይውላል። ስለዚህ በዝናቡ አምድ ላይ ዜሮ ዜሮ እየተደረደረ ሲሄድ በከፍተኛው አምድ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ይታያል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከፍተኛ የአየር ግፊት አንድ ቦታ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሰጥመው አየር እየታመቀ ይሞቃል፣ ደመና እንዳይፈጠር ያደርጋል፣ ፀሐይም ያለ ጋሻ ትወርዳለች። በ2021 ጁን መጨረሻ በካናዳ ሊተን በምትባለው መንደር ሙቀቱ 49.6 የደረሰው በእንዲህ ያለ ክምችት ሥር ነበር፤ መንደሪቱ በማግስቱ በእሳት ወደመች።

ሌሊቱ ለብቻው ምን ያሞቀዋል? አንደኛው መልስ ከተማ ነው፤ ኮንክሪትና አስፋልት ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያሉ ይተፉታል። ሁለተኛው ሰፊ ነው። የውሃ ትነትም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር ወደ ላይ የሚሄደውን ሙቀት ይይዛሉ፤ ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት የምድር ሥራ ሙቀቷን መልቀቅ ብቻ ስለሆነ ይህ መያዝ በሌሊት ጎልቶ ይታያል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ትነት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ብርድ ልብስ ይደርባል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በብዙ አካባቢዎች ሌሊቶች ከቀኖች በበለጠ ፍጥነት የሞቁትም በከፊል በዚህ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን በአንድ የመዝገብ ገጽ ላይ ማሳየት አይቻልም፤ አንድ ወር አንድ ወር ነው። የአንድን ጣቢያ የ40 ዓመት ተመሳሳይ ወር ገጾች ደርድሮ የዝቅተኛውን አምድ ብቻ መከተል ግን ይቻላል።

ሰውነትም ሒሳቡን የሚይዘው እንደዚያው ነው። ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ካላወረደ ልብ ዕረፍት ሳታገኝ ሁለተኛው ቀን ይገባል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በጁላይ 1995 በቺካጎ ከ700 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አየሩ በእርጥበት የከበደ፣ ሌሊቶቹም ያልቀዘቀዙ ነበሩ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው። በ2003 የአውሮፓ የሙቀት ወራት የሞቱት ደግሞ ከ70,000 እንደሚበልጡ ተገምቷል። እርጥበቱ የሚለካው በዚያው ነጭ ሳጥን ውስጥ ቋቱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሁለተኛ ቴርሞሜትር በማስቀመጥ ነው። የጨርቁ ውሃ ሲተን ቴርሞሜትሩ ይቀዘቅዛል፤ ልክ ላብ እንደሚያቀዘቅዘን። በ2010 የታተመ ጥናት ይህ የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ 35 ሲደርስ ጤናማ ሰውም ቢሆን ለሰዓታት ሊቋቋመው እንደማይችል አሰላ። ከዚያ ወዲህ በሰዎች ላይ በላቦራቶሪ የተደረጉ ሙከራዎች ገደቡን ከዚያም ዝቅ አድርገው፣ ለወጣቶች ሳይቀር ወደ 31 ገደማ አግኝተውታል።

አሁን ወደ አንድ ደረቅ ወደሚመስል ጉዳይ ልመለስ፤ የንባብ ሰዓት። ታዛቢው በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያነባል እንበል። ሰኞ በጣም ሞቃት ነው፣ ከፍተኛው 38። አንብቦ መሣሪያውን ሲመልስ አየሩ ገና 37 ላይ ነው፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ አዲሱን 24 ሰዓት የሚጀምረው ከ37 ነው። ማክሰኞ ደመና ሆኖ ሙቀቱ ከ29 ባያልፍም ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ የሚነበበው ከፍተኛ ሙቀት 37 ነው። አንዱ ትኩስ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚያነብ ታዛቢ በተቃራኒው ቀዝቃዛውን ንጋት ሁለት ጊዜ የመቁጠር አደጋ አለበት። ሁለቱም በታማኝነት ያነበቡ፣ ሁለቱም ያልተሳሳቱ ሰዎች ናቸው፤ ወሮቻቸው ግን አይገጥሙም። በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ብዙ በጎ ፈቃደኞች ንባባቸውን ከምሽት ወደ ጠዋት ሲያዛውሩ በመዝገቡ ላይ በእውን ያልነበረ ቅዝቃዜ ገባበት፤ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን በስሌት ያርሙታል። ማረሚያውን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ ሰዎች አሉ። የማክሰኞዋን 37 አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ግን እርማቱ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ሰው አያሻውም።

«ሞቃት ነበር» ለማለትም ከምን ጋር እንደተነጻጸረ መናገር ያስፈልጋል። ልማዱ የ30 ዓመት አማካይ መውሰድ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ይህ አማካይ በየ10 ዓመቱ ሲታደስ መለኪያው ራሱ እየሞቀ ስለሚሄድ፣ ትናንት «ከመደበኛው በ2 ዲግሪ በላይ» የነበረ ወር ዛሬ «በ1 ዲግሪ በላይ» ሊባል ይችላል፤ አንባቢ የትኛው 30 ዓመት እንደሆነ ሳያይ መቀበል የለበትም። ሌላው ጥንቃቄ ስፋት ነው። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ተቋም እንዳሰላው የ2023 ጁላይ የዓለም አማካይ ሙቀት 16.95 ዲግሪ ነበር፤ ከ1991 እስከ 2020 ካለው የጁላይ አማካይ በ0.72 ይበልጣል። አንድ ጣቢያ በአንድ ወር ከመደበኛው በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊዘል ይችላልና 0.72 ትንሽ ይመስላል። የዓለም አማካይ ግን ውቅያኖሱን፣ ዋልታውን፣ ደቡቡን ከነብርዱ የሚይዝ ነው፤ አንዱ ቦታ ሲሞቅ ሌላው እየበረደ ስለሚያጣፋው እንዲህ በቀላሉ አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ሳይጣፋ ቀረ፤ ከዚያ በፊት ሞቃት ከነበረው የ2019 ጁላይ በሲሶ ዲግሪ በለጠ።

ያልተነበበ ቀንም አለ። ታዛቢው ታመመ፣ መንገድ ሄደ፣ ረሳ። ባዶውን ቦታ «ከትናንት ብዙ አይለይም» ብሎ መሙላት ያጓጓል፤ እንዲህ የተሞላ ቁጥር ግን ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ለዘለዓለም አይለይም። «አልተነበበም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ጣቢያው ቦታ ሲቀይር፣ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ግንብ ሲቆም፣ ሜርኩሪው በኤሌክትሮኒክ ሲተካም ያች ጠባብ የአስተያየት ቦታ ከቁጥሮቹ ሁሉ ትበልጣለች። የተሻለው አሠራር አሮጌውንና አዲሱን መሣሪያ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ማንበብ ነው፤ ካልተቻለ ቢያንስ የተቀየረበትን ቀን መጻፍ። ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ሌሊቱን በየደቂቃው እየመዘገበ ጠቋሚ ዘንግ የማትችለውን ያደርጋል። አጥሩ ጥግ ላይ አዲስ የብረት ጣሪያ መሠራቱን ግን አይጽፍም።

በ2020 ብሪታንያ ውስጥ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ወደ 16,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ከ5 ሚሊዮን በላይ የቆዩ የዝናብ ንባቦችን ከእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ገለበጡ፤ የወሰደባቸው 16 ቀን ነው። የሙቀት ገጾችም በየመዝገብ ቤቱ ተራቸውን እየጠበቁ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ በእርሳስ የተጻፉ፣ ጠርዛቸው የቢጫ መልክ የያዘ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚያነብ ታዛቢ 31ኛው ቀን ሲመሽ ወሩን መዝጋት አይችልም። የዚያ ቀን ከፍተኛ ሙቀት ገና በሜርኩሪው አናት ላይ ተሰቅሎ አለ፤ የሚነበበው በአዲሱ ወር የመጀመሪያ ጠዋት ነው። ጎረቤቶቹ ማታውኑ «ይህ ወርስ ስንት ደረሰ?» ቢሉት የሚሰጣቸው ትልቁን ቁጥር ነው፤ እርሱን ለማወቅ የሚቸኩሉት ብዙ ናቸውና። ሌሊቶቹን ደምሮ ለ31 የሚያካፍለው በማግስቱ፣ ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ከሞላ በኋላ ነው።